ሰው ሲጠጋው የሚጠፋው የእንጨት ፊት

እህቴ ከደሴ የላክሽውን አነበብኩት። ከእንጨት የጠረብሽው ፊት ሰው ሲመጣ አይኑን እንዲያዞርና ዙሪያው መብራት እንዲበራ ነው የፈለግሽው፣ ግን ልክ ሰው ፊቱ ሲቆም ኢኤስፒ32 ካሜራው (ካሜራ ያለባት ትንሿ የኮምፒውተር ቦርድ) ሪስታርት ያደርግ ነበር፣ አሁን ደግሞ ደርቆ ይቀራል፣ አንቺም ሞዴሉ፣ ማለትም በፎቶ የሰለጠነው ሰው የሚለየው ፕሮግራም፣ ነው ብለሽ ሶስቴ ደግመሽ አሰልጥነሻል። አብሽሪ፣ ሞዴሉ ምንም አልሆነም። ሰው ባያይማ መች ሪስታርት ያደርግ ነበር? አየ፣ ሰርቮውን (አይኑን የሚያዞረውን ሞተር) እና መብራቱን አዘዘ፣ ፓወሩ ወደቀ። ኮምቦልቻ ሱቄ ውስጥ ይሄን ስንቴ አይቼዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ከአሮጌ ላፕቶፕ ያወጣሻትን ሊትየም ባትሪ ዛሬውኑ ከውስጡ አውጫት። መከላከያ ሰርኪዩት የላትም፣ ሾርት ካደረገች እሳት ናት፣ ስራሽ ደግሞ እንጨትና ቫርኒሽ ነው።

ለማረጋገጥ ሰርቮውንና ኤልኢዲውን ንቀዪና ካሜራውን ብቻ አስነሺው፣ ሲሪያል ሞኒተሩ (የቦርዱ መልእክት ኮምፒውተር ላይ የሚታይበት መስኮት) ላይ ሳይቆራረጥ ሰው አለ ሰው የለም እያለ ከሄደ በቃ ፓወር ነው።

ቤት ውስጥ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይል የለ? ሽቦ ራሱ ቮልት ይበላል፣ ብዙ ከረንት ባለፈበት ቁጥር ብዙ ይበላል። ያንቺ 30 ኤልኢዲ ሙሉ ነጭ ሲበራ እያንዳንዱ እስከ 60 ሚሊአምፒር ይወስዳል፣ 1.8 አምፒር ማለት ነው፣ ሰርቮው ሲነሳ ግማሽ አምፒር ገደማ ይጨምርበታል፣ ድምሩ 2.3። ያቺ ፀጉር የምታክል የዩኤስቢ ገመድ ደርሶ መልስ ግማሽ ኦም ብትሆን ከ5 ቮልቱ 1.15 እዛው ገመዱ ላይ ይቀራል፣ ቦርዱ ላይ ያለችው ሬጉሌተርም (ቮልቱን ለቺፑ የምታወርደው) የራሷን 1 ቮልት ገደማ ትይዛለች፣ የሚተርፈው 2.85 ገደማ ነው፣ ቺፑ ግን 3.3 ይፈልጋል። ላፕቶፕ ላይ የሰራልሽ መብራቱን ስላልገጠምሽ ነው።

ሰራሁልሽ ያለሽ ልጅ ኮዱ ላይ የብራውንአውት መከላከያውን (ቮልት ሲወርድ ቦርዱን ሪስታርት የሚያደርገውን) አጥፍቶታል፣ በጣም ያናድዳል፣ ጥገና አይደለም እኮ ይሄ፣ አሁን ሪስታርት በማድረግ ፋንታ ደርቆ የሚቀረው ለዛ ነው። መልሺው። ላዩ ላይ 2 አምፒር የተጻፈበትን ርካሽ ቻርጀርም ተይው፣ ብዙ ከረንት ሲጠየቅ ቮልቱ ይወድቃል።

ጥሩ የ5 ቮልት 3 አምፒር ፓወር ሰፕላይ ግዢና ከሱ በወፍራም ሽቦ ለመብራቱና ለሰርቮው ቀጥታ ውሰጂ፣ ለቦርዱ ለብቻው ሌላ መስመር፣ ግራውንዳቸው (የማይነስ መስመራቸው) ግን የግድ አንድ ላይ ይሁን። ኤልኢዲው መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ፖላሪቲውን (ፕላስና ማይነሱን) አይተሽ። ብራይትነሱንም በኮድ ግማሽ አድርጊው፣ አይን አያጣውም።

ሞዴሉ 96 በ96 ፒክስል ጥቁርና ነጭ ነው የሚያየው፣ የደሴ ጭጋግ ሲወርድ ካሳሳተው በስልክ ሳይሆን በራሱ ካሜራ ስራሽ በሚቆምበት ቦታ ፎቶ አንሺና ጨምሪለት።

ሲያልቅ ሰርቮው እየዞረ ቦርዱ 5 ቮልት ፒን ላይ ለኪ፣ ከ4.7 ከወረደ ሽቦውን አወፍሪው። ባትሪዋን አደራ፣ አብጣ ከሆነ እንዳትወጊያት፣ እንዳትቻርጊያትም።