ሲስተር፣ ድንች እኮ ነው! የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ ጥያቄና የኔ መልስ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን ስከታተል ብዙ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው እሁድ የእድር ስብሰባ ሲያልቅ ሊቀመንበራችን «ሲስተር ስለ ጀንክ ፉድ ጥቂት ትንገረን» አሉ፤ ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛበትን፣ ለሰውነት ብዙም የማይጠቅመውን ምግብ ማለታቸው ነው። ጥቂቱ በዛ። ሰው ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ያቀብለኝ ጀመር። ፀሐዩ ሲበረታ ተበተንን። እዚያ የመለስኩትንም ያልመለስኩትንም ይኸው።

«ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቺፕስ ካልተገዛላት አትንቀሳቀስም። ድንች እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?»

ድንቹ ምንም አላጠፋም። አንድ ቀን ቆም ብለሽ መጥበሻውን እይው። እኔ ማክሰኞ ዕለት ቆሜ አየሁ። ዘይቱ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩን አረፋ ይዟል፣ ድንቹ ሳይገባበት ይጨሳል። ጠባሹ ልጅ ከጀሪካኑ ትንሽ ጨመረበት እንጂ አሮጌውን አልደፋም። አልፈርድበትም፤ የዘይትን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ደጋግሞ የጋለ ዘይት ተበላሽቷል፤ ለልብም ለደም ሥርም አይበጅም።

ሌላው ሒሳቡ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 90 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። 100 ግራም የተጠበሰ ድንች ግን 300 ያልፋል። ውሃው ይወጣል፣ ዘይቱ ይገባል። ላዩ ላይ ጨውና ሚጥሚጣ ይነሰነሳል። ከዚያ ጥም ይመጣል፣ ከጥሙ በኋላ ለስላሳ።

ጨርሰሽ አትከልክያት፣ የተከለከለ ነገር ይብስ ያምራል። በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡላት፤ ለምሳሌ ዓርብ። በሌላው ቀን ስትቀበያት ሙዝ ወይም ቆሎ ይዘሽ ጠብቂያት። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ርቦት ነው፤ ቺፕሱ ያሸነፈው ቀድሞ ስለደረሰ ነው።

«በርገርና ፒዛ እኛ ሰፈር ማን ይገዛል? ታዲያ ጀንክ ፉድ ከየት መጣ?»

ከሱቁ መደርደሪያ። ብስኩቱ፣ ከረሜላው፣ ባለቀለሙ ጭማቂ፣ ለስላሳው፣ በፌስታል የታሸገው የሚንኮሻኮሸው ሁሉ። ብራዚላዊው ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ምግብን በአሠራሩ ከፋፍለው ነበር፤ እንዲህ ያሉትን «እጅግ የተቀነባበሩ» አሏቸው። እኔ ለእናቶች የምነግራቸው ቀላል መለያ አለኝ፦ ማሸጊያውን ገልብጡና አንብቡ። ጓዳችሁ ውስጥ የሌለ፣ ስሙንም ለመጥራት የሚያስቸግር ነገር ከበዛበት እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ነው። 20 ሰዎችን አንድ ቦታ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር። የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ሰሞን በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደትም ጨመሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። እንዲህ ያለው ምግብ ቶሎ ይዋጣል፤ ሆድ «በቃኝ» ከማለቱ በፊት አልቋል።

«ባለቤቴ ምሳ ያለ ለስላሳ አይወርድለትም። ስኳር በሽታ ግን የለበትም፣ ተመርምሯል።»

እሰይ፣ እንዳይመጣ ነው የምንነጋገረው። ስብሰባው ላይ ያደረግኩትን ላላያችሁ ልንገራችሁ። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 11 ግራም ስኳር አለ። በጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ማለት ነው። የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ ስምንት ማንኪያ ስኳር አንድ በአንድ ቆጠርኩበት። አራተኛው ላይ ሰው ሳቀ። ስምንተኛው ላይ አንድ እናት «በስመ አብ!» አሉ። ጠጡት ብል ማንም አልጠጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ 25 ቢሆን ደግሞ ይሻላል ይላል። ባለቤትሽ በምሳው ብቻ 25ቱን አልፏል። ሦስት ማንኪያ የሚደረግበት ሻይ ገና አልተቆጠረም። ጁስ ቤት የሚጨመቀው ማንጎም ከዚሁ ይቆጠራል፣ ማሩም እንዲሁ። አዝናለሁ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብባል፣ የሚጠጣውን እላለሁ። ፈሳሽ ካሎሪ ሆድ አይሞላም፤ ጠጥተን ምሳችንንም ያንኑ ያህል እንበላለን።

«ጾም አከብራለሁ፣ ሥጋም ቅቤም አልነካም። እንዴት ወፈርኩ?»

ይህን የጠየቁኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። ጾም ማለት ከእንስሳት ውጤት መከልከል እንጂ ከዘይት መከልከል አይደለም። ጠዋት ሙሉ ተጾመና ሲፈታ ምን ተበላ? ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ድንች የተሞላበት እርጥብ፣ የጾም ኬክ። ወጡ ላይ ደግሞ «ቅቤ የለውም» ተብሎ ዘይቱ ይንቦገቦጋል። ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ነው፣ ስኳር 4። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ደግሞ ጠጣር ስብ ነው፤ በዚህ በኩል ከቅቤ እምብዛም አይርቅም።

መፍትሔው የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው፣ እናቶቻችን የሚያውቁት ጾም። ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ንፍሮ፣ በሶ።

«እንጀራስ? ተዪ እየተባልኩ ነው።»

ማን ነው ያለሽ? ጤፍ ከነልጣጩ ነው የሚፈጨው። መጠኑን ተቆጣጠሪ እንጂ እንጀራን አትክሰሺ።

«ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ቦርጭ ያቀልጣል?»

አያቀልጥም። ከወደዱት ይጠጡ፣ ስኳር አይጨምሩበት።

«ወፈርኩ አልወፈርኩም እንዴት አውቃለሁ? ሚዛን የለኝም።»

ክር ይበቃል። ቁመትህን በክር ለካ። ክሩን ለሁለት እጠፈው። የታጠፈውን በእምብርትህ ልክ ወገብህ ላይ አዙረው። ሳትስበው ከገጠመ ደህና ነው። ካልገጠመ ሆድህ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ አለ፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም የሚያጋልጠውም እሱ ነው። ሚዛን ያገኘ ደግሞ ክብደቱን ለቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ ያካፍል። 78 ኪሎ ለ1.65፣ ያንንም እንደገና ለ1.65፤ 28.7 ገደማ ይሆናል። ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት እንለዋለን።

ክሩን እድሩ ላይ ስናዞር በቦርጫቸው የሚታወቁት ጋሼ «የተመቸው ሰው ምልክት ነው» ብለው አስቀኑን። ግፊታቸውን ስለካ 160 በ100 ነበር፣ ከፍተኛ ነው። እሳቸውም እንደ ብዙ የደም ግፊት ታካሚ ምንም አያማቸውም ነበር።

«ሀገሩ ሰው እየተራበ ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት አይደለም?»

በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። እዚያው ጥናት ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 8 በመቶዎቹ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከገጠር በብዙ ይበልጣል። ሁለቱ በአንድ ሀገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ናቸው። እናት ወፍራለች፣ ልጇ ቀንጭሯል፤ ምክንያቱ አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በትንሽ ብር የሚገዛው ብስኩት ሆድ ይሸነግላል እንጂ እንቁላሉንና ምስሩን አይተካም። በልጅነቱ የቀነጨረ ደግሞ ሲያድግ ከወፈረ ለስኳርና ለግፊት ይበልጥ ይጋለጣል። ቅንጦት የምለው ስኳር በሽታ ያመጣውን የኩላሊት እጥበት ነው፤ ዋጋውን የጠየቀ ያውቀዋል።

«ማታ 2 ሰዓት ነው ቤት የምገባው። ማን ያበስላል? ኢንዶሚ ነው የሚታየኝ።»

ይሄኛው ጥያቄ የኔም ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ቱሉ ዲምቱ በሰልፉና በመንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለናንተ አልነግርም። የደከመ ሰው ቅርብ ያለውን ይበላል። ስለዚህ እሁድ ምስርና ሽንብራ ቀቅዬ አስቀምጣለሁ። ማታ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል አድርጌበት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ኢንዶሚውም ካለ ቅመሙን ግማሹን ብቻ አድርጊበት፣ ጨው የተከማቸው እዚያ ነው፤ እንቁላልና ጎመን ጨምሪበት።

«ባለ ሱቅ ነኝ። እኔ ባልሸጥ ጎረቤቴ ይሸጣል።»

እውነትህን ነው፣ ለዚህም ነው ነገሩ በአንተ ትከሻ ብቻ የማይጣለው። ሜክሲኮ የምትባለው ሀገር በ2014 እ.ኤ.አ. በለስላሳ ላይ በሊትር አንድ ፔሶ ታክስ ጣለች፣ የሚጠጣው ቀነሰ። ቺሊ በ2016 እ.ኤ.አ. ስኳር፣ ጨውና ስብ በበዛበት እሽግ ላይ ጥቁር ምልክት አስለጠፈች። እኛም በ2012 ዓ.ም. የወጣ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አለን። በእሽጉ ፊት ላይ አይቶ የሚገባ ምልክት ብናገኝ ደስ ይለኛል። ከአንተ የምለምነው ትንሽ ነው፦ ፍሪጅህን ስትከፍት ልጆች ዓይን ፊት ውሃው ይሁን፣ ለስላሳው ከታች።

«ጓደኞቼ ዱባ ይሉኛል። ምን ልብላ?»

በእርሳስ የተጻፈች ወረቀት ናት፣ ስም የላትም። አንተ ምግብ አትዝለል። ገና እያደግክ ነው፣ ቁመትህ ክብደትህን ይቀድመዋል። ለእናትህ የሚሉህን ንገራት፣ ያንተ ሳህን ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ይቀየር። ቅዳሜ ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ በረኛ ቢያደርጉህ እምቢ በል፣ ሩጥ። እኔ ብሎክ 4 ግራውንድ ነኝ። ብቅ ካልክ ሚዛን ላይ አላወጣህም፣ ቆሎ አለኝ።