እንጀራ ላቁም ወይስ የማቅጠኛ ሻይ ልጀምር ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ከፋሲካ በኋላ ሚዜ ስለምሆን እንጀራ አቁሜ በሎሚ ውሃና በማቅጠኛ ሻይ ብቀንስ ምን ይመስላችኋል ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ እኔም እዚሁ ጎንደር የእህቴ ሰርግ ሲደርስ ያየሁት ነገር ስለሆነ። "ሻይው ይሰራል" የሚሉሽን አትስሚ።

1ኛ እንጀራው ምንም አላደረገሽም። ስታቆሚው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ኪሎሽ ወርዶ ታይዋለሽ፣ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ከእንጀራው አውጥቶ ያስቀመጠው ስኳር በአንድ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ስኳሩ ሲያልቅ ውሃው ይወጣል፣ እንደገና መብላት ስትጀምሪ ተመልሶ ይመጣል። ሰው እንጀራውን እየረገመ ወጡ ላይ ያለውን ዘይት ግን አያየውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ እኛ ቤት ደሞ ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ነበር የሚንቆረቆረው፣ ሽሮው ዳር ዳሩን ዘይት ካልተፋ በሰለ አይባልም። ጾም ነው እቀንሳለሁ ብለሽም እንዳትዘናጊ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ በሳምቡሳና በቦምቦሊኖ ከፈታሽው ስጋና ቅቤ ስለቀረ ብቻ ኪሎ አይወርድም። ዘይቱን በማንኪያ መለካት ስጀምር እናቴ "የሆስፒታል ምግብ አበላሽን" ብላ ተቆጥታኝ ነበር፣ ዛሬ እሷም በማንኪያ ነው የምትሰራው።

2ኛ ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ አያቀልጥም፣ በለስላሳ ፈንታ ከጠጣሽው ጥሩ፣ ከዛ አያልፍም። ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥም የሚያወጣው ላብ ነው። ቦርጭን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ስፖርት የሚባልም የለም፣ ሰውነት ስብ ሲቀንስ ከየት እንደሚጀምር አንቺን አያማክርሽም።

3ኛ ሻይው። እዚህ ላይ አደራ። የሸጠችልኝ ሴትዮ "ሞሪንጋ ብቻ ነው፣ በሳምንት አምስት ኪሎ" ብላ ምላለች፣ ዋጋውም የዋዛ አልነበረም። ከጠጣሁ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ አድሮ ጠዋት ባቴ እየተኮማተረ መቆም አቃተኝ። ክሊኒክ ስሄድ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ሰው ፊት "ማን ቅጠኚ አለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ የታመመ ሰው እንዲህ አይባልም! ዶክተሩ ግን እግዜር ይስጠው፣ ካርቶኑን አገላብጦ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበልኝ፣ ሰና ነው፣ እነ እማማ ሰነመኪ የሚሉት፣ የሆድ ድርቀት ማስለቀቂያ። የሚሰራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፣ የምግቡ ካሎሪ ግን አብዛኛው ከዛ በፊት ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጦ አልቋል፣ ስለዚህ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፣ ፖታሲየም አብሮ ሲሄድ ጡንቻ ይይዛል፣ ልብንም ሊያዛባ ይችላል። አቁሚው ብሎ ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ አዘዘልኝ። ሴትዮዋ ጋ ስመለስ "አጠጣጡን አላወቅሽበትም" አለችኝ፣ ብሬንም አልመለሰችም።

ከዛ በኋላ የቀነስኩት ዘይት ለክቼ፣ ሻይ ላይ ስኳር ትቼ፣ ማታ አንድ እንጀራ በጎመንና በምስር በልቼ፣ ባጃጁን ትቼ በእግሬ እየሄድኩ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው ደህናው አካሄድ፣ ከዛ በላይ የሚነግርሽ ሊሸጥልሽ ፈልጎ ነው። አሁን ከፒያሳ ኮረብታው ላይ እስካለው ጎሃ ሆቴል ድረስ ያለውን ዳገት ሳላርፍ እወጣዋለሁ፣ በፊት ግማሹ ላይ ነበር ቁጭ የምለው።

ቀሚሱን ልብስ ሰፊዋ አሁኑኑ እንዳትጨርሰው፣ ወገቡን ሰርጉ ሲቃረብ ትለካሽ። ሻዩን ገዝተሽው ከሆነ ደሞ ሳትከፍቺ ዛሬውኑ ወስደሽ መልሺ፣ አንዴ ከተከፈተ አንቀበልም ነው የሚሉሽ።