ኪም ዴ ጁንግ ለሥልጣን የበቁት ለምን ዘግይተው ነው? (መልስ)
ጠያቂያችን፣ ኪም ዴ ጁንግ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆን ለምን አራት ጊዜ መወዳደር እንዳስፈለጋቸው ላነሡት ጥያቄ፣ በእኔ እምነት ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የወታደራዊው አገዛዝ ፍርሃት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ከወቅቱ ወታደራዊ ገዥ ከፓርክ ቹንግ ሂ ጋር ተወዳድረው 45 በመቶ ያህል ድምፅ በማግኘታቸው፣ በ1973 የአገራቸው የስለላ ድርጅት ሰዎች ቶኪዮ ካለ ሆቴል አፍነው በመርከብ ወሰዷቸው፤ ከሞት የተረፉትም ለጥቂት ነበር። በ1980፣ ከግዋንግጁ ሕዝባዊ ዐመፅ ጋር በተያያዘ ክስ፣ የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ከተለወጠ በኋላ በ1982 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ።

ሁለተኛው ግን የራሳቸውም ስሕተት ያለበት ይመስለኛል፤ በ1987 እርሳቸውና ሌላው የተቃዋሚ መሪ ኪም ያንግ ሳም በአንድ ዕጩ መስማማት ባለመቻላቸው የተቃዋሚው ድምፅ ተከፈለ፣ የቀድሞው ጄኔራል ሮ ቴ ዉ 37 በመቶ እንኳ ባልሞላ ድምፅ አሸነፉ። በ1992ም ተሸንፈው ከፖለቲካ መውጣታቸውን ቢያስታውቁም ተመልሰው፣ ከቀድሞ ባላንጣቸው ከኪም ጆንግ ፒል ጋር ተጣምረው በ1997 አሸነፉ። በ2000 ፒዮንግያንግ ድረስ ሄደው ከሰሜን ኮሪያው መሪ ከኪም ጆንግ ኢል ጋር መነጋገራቸውና የኖቤል የሰላም ሽልማት ማግኘታቸው በሰፊው ይታወቃል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን፣ ገና ሥልጣን ሳይረከቡ፣ ሞት የተፈረደባቸው በእርሱ ዘመን የሆነው የቀድሞው ወታደራዊ ገዥ ቹን ዱ ህዋን ምሕረት ተደርጎለት ከእስር እንዲፈታ መስማማታቸው ነው።