ጥያቄና መልስ፦ ቦንድ፣ ብድርና ወለድ

ጥያቄ፦ ወለድ ሲጨምር የቦንድ ዋጋ የሚወርደው ለምንድን ነው? እባክዎ ያብራሩልን።

መልስ፦ ቦንድ መንግሥት ወይም ድርጅት ሲበደር የሚሰጠው የዕዳ ሰነድ ነው። በእጅህ ያለው ቦንድ ወለድ እኮ አልጨመረም፤ መጀመሪያ እንደተቆረጠ ነው። 1,000 የተጻፈበት፣ በዓመት 5 በመቶ ማለትም 50 የሚከፍል፣ 10 ዓመት የቀረው ቦንድ ይዘሃል እንበል። ገበያው ወደ 6 በመቶ ሲወጣ ያንተን በ1,000 የሚገዛህ የለም፤ በዚያው ገንዘብ 60 የሚከፍል አዲስ ቦንድ ያገኛል። ስለዚህ ዋጋው ወደ 926 ይወርዳል። ገዢው በየዓመቱ 50 እየተቀበለ መጨረሻ ላይ 1,000 ስለሚመለስለት ትርፉ 6 በመቶ ይሞላለታል። 2 ዓመት ብቻ ለቀረው ዋጋው 982 ገደማ ነው፤ 30 ዓመት ለቀረው 862። የወለዱ ለውጥ አንድ ሆኖ ሳለ ጉዳቱን የሚያከፋው ጊዜው ነው። የሚመለስበትን ቀን ሳታዩ ቦንድ አትግዙ!

ጥያቄ፦ አሁን የትኛው አክሲዮን ያዋጣል?

መልስ፦ ይህን አልመልስም።

ሌላ አባል፦ እስከ መጨረሻው ለያዘው ሰው ይህ ምኑ ነው? ዋናው ሙሉ ይመለስለት የለ?

ሦስተኛ አባል፦ ይመለስለታል፤ ግን ሌላው 60 ሲያገኝ እሱ 10 ዓመት ሙሉ 50 ይቀበላል። ኪሳራው በየዓመቱ ተከፋፈለ እንጂ አልቀረም።

ሌላ አባል፦ ወለዱ መልሶ ቢወርድስ?

መልስ፦ ክርክራችሁ ቦንዱን እስከ መጨረሻው መያዝ የሚችል ሰው ላይ ነው፤ መያዝ ያልቻለውን እዩ። ሲሊከን ቫሊ ባንክ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ የአስቀማጮችን ገንዘብ ረጅም ጊዜ በሚቆዩ ቦንዶች ላይ አውሎ ነበር። ከማርች 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ፤ አስቀማጮችም ገንዘባቸውን ያወጡ ጀመር። 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን ባሳወቀ በ2ኛው ቀን፣ ማርች 10 ቀን 2023 ተዘጋ። አሁንም ቦንዱ የሚመለስበትን ቀን እዩ።

ጥያቄ፦ 10 በመቶ ብድር ጥሩ ነው?

መልስ፦ በምን ላይ የሚሰላ? ለስንት ጊዜ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። 12,000 ለ12 ወር ተበድረህ ወለዱ በመጀመሪያው ዕዳ ላይ ከታሰበ ወለዱ 1,200፣ የወር ክፍያው 1,100 ነው። ዕዳህ በየወሩ ሲቀንስ ወለዱ ግን አይቀንስም። በቀሪ ዕዳ ላይ ከሚሰላ ብድር ጋር ሲነጻጸር ይህ በዓመት 18 በመቶ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ወለድ ሲጨምር ቦንድ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ 1,000 የሚመለስበትን የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን ወረቀት) በ900 ብገዛ ትርፉ 10 በመቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ያወጣኸው 900 ነው፣ 100ን ለ900 አካፍል፦ 11.1 በመቶ። ይህም ሰነዱ የ1 ዓመት ከሆነ ነው። የ182 ቀን ከሆነ በግማሽ ዓመት የተገኘ ስለሆነ ወደ ዓመት ሳትቀይረው ከሌላ ጋር አታወዳድር።