ቀይ ሲደጋገም ጥቁር "ተራው ይደርሳል" ወይ?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ላስ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። ከሥራ ስወጣ አልፎ አልፎ ካሲኖ ገብቼ ሩሌት እጫወታለሁ፤ ኳሷ በሚሽከረከረው ዊል ላይ የት እንደምታርፍ ገምቶ ቁጥር ወይም ቀለም ላይ የሚያስይዙበት ቁማር ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ያለው ስክሪን ያለፉትን ቁጥሮች ያሳያል። ቀይ አምስት ስድስት ጊዜ እስኪደጋገም ጠብቄ ጥቁር ላይ አስይዛለሁ፤ ከተበላሁ እጥፍ አድርጌ እደግማለሁ። አንዳንድ ቀን ይሠራል። በቅርቡ ለመኪና ቅድመ ክፍያ ያሰብኩት እቁብ ይደርሰኛል፤ በእሱ ጠንከር አድርጌ ብሞክረውስ? ዲለር፣ ማለትም ጨዋታውን የምታካሂድ የካሲኖ ሠራተኛ፣ ስለነበርሽ አንቺ ታውቂዋለሽ።
ኤ.፣ ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሠራም። ከዊሉ ጀርባ ቆሜ ብዙ ሌሊት አሳልፌያለሁ፤ ይህንኑ ዘዴ ይዘው መጥተው የሳምንት ደመወዛቸውን አስረክበው የሄዱ የአገሬ ልጆችም አይቻለሁ።

እቁብን ካነሣህ በእሱው ላስረዳህ። እቁብ ላይ ዕጣ የደረሰው ሰው ስሙ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ በየሳምንቱ የቀሪዎቹ ዕድል እየሰፋ ይሄዳል፤ "ተራዬ ቀርቧል" ብትል እውነትህን ነው። ሩሌት ላይ ግን የወጣ ቁጥር አይነሣም። የአሜሪካው ዊል 38 ቤት አለው፦ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ 0 እና 00 ደግሞ አረንጓዴ። ቀይ ስድስት ጊዜ ወጣም አልወጣም፣ ኳሷ በሚቀጥለው ዙር የምትገባው ከእነዚያው 38 ቤቶች ወደ አንዱ ነው። የጥቁር ዕድል ሁሌም 18 ከ38፣ ማለትም 47.4 በመቶ ገደማ ነው።

"ውሎ አድሮ እኩል ይሆናሉ" ትለኝ ይሆናል። ድርሻቸው ይቀራረባል፣ ግን ጥቁር ብድሩን ስለሚመልስ አይደለም፤ በኋላ በሚመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ዙሮች ውስጥ እነዚያ ስድስት ቀዮች ተውጠው ስለሚቀሩ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1913 ሞናኮ ባለው የሞንቴ ካርሎ ካሲኖ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ በተከታታይ ወጥቷል። ሰዉ "አሁንስ ቀይ ነው" እያለ ሲጨምር ገንዘቡ ቀለጠ።

ስክሪኑን የሰቀለው ካሲኖው ራሱ ነው። አንተን የሚጠቅም ቢሆን ያወርደው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ስንቴ አይቻለሁ፦ አንዱ "ቀይ ሞቋል" ብሎ ቀይ ላይ፣ አጠገቡ ያለው "ጥቁር ደርሷል" ብሎ ጥቁር ላይ ያስይዛሉ፤ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ስክሪን ነው። ኳሷ 0 ላይ ስታርፍ ምልክቱን ቁጥሩ ላይ አስቀምጬ የሁለቱንም ቺፕስ (በገንዘብ ምትክ የሚያስይዙትን) በክንዴ ጠርጌ እወስዳለሁ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ጆሴፍ ጃገር የተባለ እንግሊዛዊ ሞንቴ ካርሎ ላይ ብዙ ገንዘብ በልቷል፤ እውነት ነው። እሱ ግን ሰው ቀጥሮ የየዊሉን ቁጥር አስመዝግቦ አንዱ ዊል ተዛብቶ አንዳንድ ቁጥሮችን አብዝቶ እንደሚያወጣ ደርሶበት ነው። ቀለም ሲደጋገም ጠብቆ አልነበረም።

እጥፍ ማድረጉ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በ10 ዶላር ጀምር፦ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320። ስድስቱንም ከተበላህ 630 ዶላር ሄደ። ሰባተኛው 640 ነው፤ ጠረጴዛው ከ500 በላይ የማይቀበል ከሆነ እዚያው ቀረህ። በየትኛውም ዙር ብትበላ ደግሞ የቀደመውን ኪሳራ መልሰህ የሚተርፍህ 10 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ለእሷ! ስድስት ጊዜ በተከታታይ መበላት ደግሞ በአማካይ ከ47 ሙከራ አንዴ ያጋጥማል። "አንዳንድ ቀን ይሠራል" ያልከው ይሄ ነው፤ 46ቱን ጊዜ አሥር አሥር ዶላር ለቅመህ 460 ታደርሳለህ፣ በአንዷ ቀን 630 ታስረክባለህ።

የእቁቡን ገንዘብ ለመኪናው ቅድመ ክፍያ አውለው።