ፋይበር ለሚዘረጉ ልጆች

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ ፋይበር (ኢንተርኔት በብርሃን የሚያመላልሰውን የብርጭቆ ክር) የሚዘረጋ አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የፋይበር ቁራጭ ቆራሌው እንኳን አይገዛውም። ታዲያ ለአካባቢ ተስማሚ ነው የሚሉት ምኑን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። መዳብ ቢሆን መሬት ላይ አያድርም ነበር። የፋይበር ኬብል ግን ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ፣ እንዳይበጠስ የሚያጠነክረው የአራሚድ ክር፣ አንዳንዴም ብረት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ውሃ እንዳይገባው በቅባት የተሞላ ነው። ለያይቶ ለማቅለጥ ልፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። አሁን አሁን በቅባቱ ፋንታ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ደረቅ ክር የሚያስገቡ ፋብሪካዎች አሉ። ከነሽፋኑ 250 ማይክሮን ውፍረት የነበረውን የፋይበር ክርም ወደ 200 ያቀጠኑ አሉ፤ ፕላስቲኩ ይቀንሳል። ጥሩ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው።

ፋይበር ለእኛ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው የሐረጎ ተራራ ላይ አብሬው የሠራሁ ፎርማን ነበር። «አያ» እንለው ነበር። የሐረጎ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ጉሙ ከወረደ አጠገብህ የቆመውን ሰው አታይም። አያ ቡና ሳይፈላ ስፕላይሰር (ፋይበር አቅልጦ የሚቀጥለውን ማሽን) አያስነካንም። «የደነዘዘ እጅ ፋይበር ይሰብራል» ይል ነበር። የብርጭቆ ስባሪዋን ሁሉ በሃይላንድ ፕላስቲክ ይሰበስባታል፤ ቆዳ ውስጥ ከገባች ለማየትም ለማውጣትም መከራ ናት። ከኪሱ የማትለይ ደብተርም ነበረችው። «ከድልድዩ ራስ ወደ ደሴ አርባ እርምጃ፣ በስተግራ፣ ጥልቀት እስከ ብብት፣ ትርፍ ኬብል አንድ ጥቅል።» እርሳሱን በምላሱ እያራሰ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እንዲህ ይጽፍ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ደብተሯን ለቢሮ አስረከበ። ተቀባዩ ገለጥ ገለጥ አደረጋትና «አሁን እኮ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነው» ብሎ መስኮት ላይ አስቀመጣት። አያ ምንም አላለም። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ደብተሯ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሐረጎ ላይ ቀጥ ያለ ነገር አለ እንዴ?

ክረምት ላይ መንገድ የሚጠግን ኤክስካቫተር ኬብሉን በጠሰው። ለጥገና ተብሎ የተቀበረውን ትርፍ ኬብል ፍለጋ በዝናብ ስንቆፍር አደርን። ቢገኝ ስቦ አንድ ቦታ መቀጠል ይበቃ ነበር። ስላልተገኘ ቁራጭ መሀል ገባ፤ አንዱ ብጥስ ሁለት መገጣጠሚያ ሆነ። የብርሃኑ ሞገድ 1550 ናኖሜትር ሲሆን አንድ ኪሎ ሜትር ፋይበር የሚያባክነው ብርሃን 0.2 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ 0.1 የሚያባክን ደካማ መገጣጠሚያ የግማሽ ኪሎ ሜትር መንገድ ይጨምርባችኋል። እንዲህ እየተበጠሰ እየተቀጠለ፣ ሃያ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ኬብል ሳያረጅ ይጣላል። በምትኩ አዲስ ፕላስቲክ፣ ኬብሉ የሚጠቀለልበት አዲስ ድራም፣ ከጅቡቲ የሚጫን ሌላ መኪና።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፤ አልክድም። ግን ስፕላይሰሩ «ብክነቱ 0.02» ካላችሁ ክዳኑን ዘግታችሁ ቲክቶክ ላይ ናችሁ። እሱ ግምት ነው! በኦቲዲአር፣ ብርሃን ልኮ ብክነቱን በሚለካው መሣሪያ፣ ከሁለቱም ጫፍ ለኩ። ደግሞ መገጣጠሚያውን ሳትቀብሩ ስልካችሁን አውጡና ከነጂፒኤሱ ፎቶ አንሱት። ስልክ ተዉ ብዬ ስልክ አውጡ ማለቴ ነው እንግዲህ። አያ ቢኖረው ኖሮ ያን ሁሉ እርምጃ አይቆጥርም ነበር። ፎቶው ግን ለቢሮም ለመንገድ ሠሪዎቹም ይድረስ፤ እናንተ ስልክ ላይ ብቻ ከቀረማ ያው ደብተሯ ናት።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ አብሽር፣ ቁራጩም መላ አለው። ስባሪዋን በሃይላንድ ክተት። የውጭውን ፕላስቲክ ላጥና ቅባቱን ጠርገህ ለብቻው አስቀምጥ፤ ንጹሕ ከሆነ ፕላስቲክ የሚገዙ ሰዎችን መጠየቅ ትችላለህ። አታቃጥለው። የእንጨቱን ድራም አቅራቢው ይመልሰው እንደሆነ ጠይቅ፤ ካልመለሰው ለአናጺ ስጠው። ደሴ ውስጥ ጠረጴዛ ሆኖ ቡና ሲጠጣበት አይቻለሁ፤ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ ምንም አይል።