መልስ፦ ለ2 ጊጋ ራም ስልክ የቱ ብራውዘር ይሻላል?

ኦፔራ ሚኒን ጫን፤ ክሮምን ግን አታጥፋው። እንዳልከው ስልክህ 2 ጊጋ ራም ብቻ ካለው፣ ዳታህም ዜና እያነበብክ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለዕለት ተዕለት ንባብ ኦፔራ ሚኒ ይበቃሃል። ገጹን በራሱ ሰርቨር (በኦፔራ ኮምፒውተሮች) ላይ ጨምቆ ስለሚልክልህ ደብረ ሲና ላይ ኔትወርኩ ሲዳከምም ጽሑፉ ቶሎ ይመጣል። የጠየቅከው የክሮም ላይት ሞድ (ዳታ ቆጣቢው) በ2022 እ.ኤ.አ. ቀርቷል፤ ሴቲንግ ውስጥ ስትፈልገው አትድከም። ፋየርፎክስ ማስታወቂያ ማገጃ መጫን ስለሚያስችል እኔ እወደዋለሁ፤ ላንተ ስልክ ግን ይከብዳል።

1. ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርድ። በቴሌግራም የሚዞረውን ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ተወው።

2. የኦፔራ ሚኒ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ቁጠባው ጋ ገብተህ ኤክስትሪም የሚለውን ምረጥ። የምስል ጥራቱንም ዝቅ አድርገው።

3. መነሻ ገጹ ላይ የሚደረደረውን ዜና አጥፋው። ሳትነካው ዳታ ይበላል፤ አብዛኛውም ወሬ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ኤክስትሪም ላይ ሆነህ ባንክ አትግባ፣ ፎርምም አትሙላ። ገጹ በሌላ ሰርቨር በኩል ስለሚያልፍ ፓስወርድህም በዚያው ያልፋል። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ቤት ስለምሠራ፣ “ፎርሙ አልላክ አለኝ” እያለ የሚመጣ ሰው አላጣም። ሁሉን ሞልቶ “ላክ” ሲል ቁልፉ ዝም ይላል፤ ወይም ፎቶ መጫኛው ጭራሽ አይከፈትም። ሊንኩን ኮፒ አድርገን ክሮም ላይ ስንከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ክሮምን አታጥፋው ያልኩህም ለዚሁ ነው።